ስልኩ ለሙቀቱ፣ ሰው ለነፋሻው
የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ስለ ልጆችና ስልክ ከድሬዳዋና ከሐረር ከደረሱን ጥያቄዎች አምስቱን መርጠናል። ረጃጅሞቹን አሳጥረናል፤ ማን እንደጻፈው የሚያሳብቀውንም አውጥተናል። ሰዓቱ ሁሉ በአገራችን አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ 15 ዓመቱ ነው፤ 9ኛ ክፍል። ሌሊት 8 ሰዓት ስነቃ አንሶላው ውስጥ ብርሃን ይታየኛል። ጠዋት አልነሳ ብሎ ፊቱ ላይ ውኃ እስከ መርጨት ደርሻለሁ። ከትምህርት ቤት ሲመለስ ምሳውን ጎራርሶ ቬንቲሌተሩ ሥር ሲሚንቶው ላይ ይንጋለላል፤ እስኪመሽ ከስልኩ ጋር ነው። ባለፈው ስቀማው በሩን በእርግጫ ብሎት ወጣ፤ ሁለት ቀን ዘጋኝ። አባቱ “ሸጬው እገላገላለሁ” እያለ ነው። ምን ይሻለኛል?
እናት፣ ከሳቢያን

መልስ፦ እህታችን፣ በድሬ ወግ አንቺ ብንልሽ አትቀየሚን። አባቱ ስልኩን አይሽጠው። ስልክ ሲሸጥ ልማዱ አብሮ አይሸጥም። ልጁ ወደ ጓደኛው ስልክ ይዞራል፤ አንቺም እስካሁን የምታዪውን ያንን ብርሃን እንኳ ታጪዋለሽ።

ደብዳቤሽ ውስጥ ሁለት ነገር ተጣብቆ ነው የመጣው፤ የቀኑ ስልክና የሌሊቱ ስልክ። ለያያቸው፤ ሁለቱን በአንድ ቀን ለመንቀል የተነሳ ቤት አንዱንም ሳይነቅል ይደክማል። የቀኑን ለጊዜው ተይው። ከቀኑ 6 እስከ 10 ሰዓት ድሬ ውስጥ ሱቁ ሳይቀር ይዘጋል፤ አዋቂው ወይ ጋደም ብሏል ወይ በርጫው ላይ ነው፤ ኳስ ሜዳው እንደ ምጣድ ግሏል። የ15 ዓመት ልጅ በዚያ ሰዓት የት ይሂድ? የሚጎዳው የሌሊቱ ነው።

ሒሳቡን እንሥራው። ከ13 እስከ 18 ዓመት ያለ ልጅ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 እስከ 10 ሰዓት ያህል መተኛት አለበት። ለ2 ሰዓት ትምህርት 12፡30 ከተነሳ፣ 9 ሰዓት ሙሉ እንዲተኛ ማታ 3፡30 ላይ ዓይኑ መከደን ይኖርበታል። ሌሊት 8 ሰዓት የሚተኛ ልጅ ያገኘው 4 ሰዓት ተኩል ነው። ቁጣውም፣ ክፍል ውስጥ ማንጎላጀቱም፣ በር መርገጡም በአብዛኛው የሚመጣው ከዚህ ነው። ለልጁም ግን እንፍረድለት፤ በጉርምስና ጊዜ የሰውነት የእንቅልፍ ሰዓት በራሱ ወደ ሌሊቱ ይሸሻል፣ አንዳንዱ ላይ እስከ 2 ሰዓት ያህል ይዘገያል። “ማታ 2 ሰዓት ላይ ተኛ” ሲባል የሚገላበጠው እንቢ ብሎ ሳይሆን እንቅልፉ ስላልመጣለት ነው። በዚያ ላይ የሌሊት ጥቅል ከቀኑ ይረክሳል። ያቺኑ የኪሱን ብር ቆጥቦ የሚገዛ ልጅ ሌሊቱን ቢመርጥ ምን ይገርማል? ካርዱን የምትሞዪለት አንቺ ከሆንሽ፣ የቀን ጥቅል ግዢለት፤ የሚጨምረው ብር ከምትከፍዪው እንቅልፍ አይበልጥም። ሳፋሪኮም በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ኔትወርኩን መጀመሪያ የከፈተው ድሬ ላይ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ሁለት ሲም የያዘ ልጅ ብዙ ነውና የሁለቱንም ጥቅል ጠይቂ።

የመጀመሪያዎቹን 7 ቀናት ምንም አትከልክዪ፤ ቁጠሪ ብቻ። አንድሮይድ ስልክ ከሆነ ሴቲንግ ውስጥ “ዲጂታል ዌልቢዪንግ” የሚል አለ። በየአፑ ስንት ሰዓት እንደጠፋና ስልኩ በቀን ስንት ጊዜ እንደተከፈተ ያሳያል። ተደብቀሽ ሳይሆን ከልጁ ጋር ሆናችሁ እዩት። ቁጥሩን ወረቀት ላይ አስፍሪ፤ ከጎኑ የተኛበትንና የተነሳበትን ሰዓት ጨምሪ። ብዙ ጊዜ አንቺ ከገመትሽው ያንሳል፣ እሱ ከገመተው ይበዛል። “ሙሉ ቀን”፣ “ትንሽ ነው” እየተባለ የሚካሄደው ጭቅጭቅ እዚያ ላይ ይበርዳል።

በ8ኛው ቀን ተቀመጡ፤ ጠብ በሌለበት ቀን፣ አባቱም ባለበት፣ ከ20 ደቂቃ ላልበለጠ ጊዜ። ደንቡ ከ4 አይብለጥ። በእጁ የሚጽፈው ልጁ ይሁን። ከአራቱ ቢያንስ አንዱ እናንተን ወላጆቹን የሚያስር ካልሆነ ወረቀቱ የፖሊስ ማስታወቂያ ነው የሚመስለው።

ዋናው ደንብ ስልክ የት ያድራል የሚለው ነው። ሳሎን ውስጥ አንድ ማከፋፈያ ይደረግ፤ የአባቱም፣ የአንቺም፣ የእሱም ስልክ እዚያ ያድራል። ግን ከሌሊቱ 8 ሰዓት ወደ ማታ 3 ሰዓት በአንድ ቀን አትዝለሉ። ከ6 ሰዓት ጀምሩ፤ በየ4 ቀኑ 30 ደቂቃ ቀንሱለት። በ25ኛው ቀን 3 ሰዓት ላይ ትደርሳላችሁ፤ ስልኩን ካስረከበ በኋላ እስኪተኛ ግማሽ ሰዓት ይተርፈዋል ማለት ነው። የመነሻ ሰዓቱ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ 12፡30 ነው፤ ቅዳሜና እሑድ ቢበዛ 1፡30። እሑድ እስከ ረፋዱ 5 ሰዓት የተኛ ልጅ ማታ እንቅልፍ አይወስደውም፤ የሳምንቱ ልፋት ሰኞ ጠዋት ይፈርሳል።

የሚበላሸው የት ነው? “ስልኩ እኮ ማንቂያዬ ነው” ይልሻል፤ ከቀፊራ በባትሪ የሚሠራ ደወል ሰዓት ግዢለት። መሳቢያ ውስጥ የተረሳ፣ ስክሪኑ የተሰነጠቀ አሮጌ ስልክ አይጠፋም፤ ያለ ሲም በዋይፋይ ይሠራልና ፈልጊው። የአንቺን ፓተርን ያውቀዋል፤ ቀይሪው። ከሁሉም የሚከብደው የመጀመሪያው ሰሞን ነው። እስከ ዛሬ ሲጮህ ስልኩ ይመለስለት ነበር። አሁን ጮሆ ሳይመለስለት ሲቀር መጀመሪያ የሚያደርገው ጩኸቱን መጨመር ነው፤ በሩ አንዴ ሳይሆን ሦስቴ ይመታል። ይህን ሲያዩ ብዙ ወላጆች “ባሰበት” ብለው ይተዉታል፤ መንገዱ ግን ይኸው ነው፣ ጩኸቱ ከፍ ብሎ ነው የሚወርደው። በ4ኛው ሌሊት ተሸንፈሽ ከሰጠሽው 4 ሌሊት መጮህ እንደሚያዋጣ አስተማርሽው። ስለዚህ 14 ሌሊት መቆም የማትችሉ ከሆነ፣ ፈተና ከደረሰ፣ ለቅሶ ወይም እንግዳ ካለ፣ አትጀምሩት። አሳልፉና ጀምሩ።

ቅጣቱ አጭር ይሁን። 10 ደቂቃ ካሳለፈ በማግስቱ 20 ደቂቃ ቀድሞ ያስረክባል፤ በዚያው አበቃ። ወር ሙሉ የተቀማ ልጅ ከዚያ በላይ የሚቀማው ነገር ስለሌለ፣ ለዚያ ወር ምንም ብትዪው አይሰማሽም።

አሁን ወደ ቀኑ እንመለስ። የቤት ሥራው ከተሠራ፣ በሙቀቱ ሰዓት ስልኩ ይኑረው። በልዋጩ ከ11 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1፡30 ማንም ስልክ አይዝም። ፀሐይዋ አዘቅዝቃ ነፋሱ ሲጀምር ድሬ ነፍስ ትዘራለች፤ ሰሌኑ ደጅ ይነጠፋል፣ የመግሪብ አዛን ይሰማል፣ ጎረቤት ብቅ ብቅ ይላል። ልጁን ወደዚያ ለምርመራ አትጥሪው። “ጥናት እንዴት ነው?” የተባለ ጎረምሳ “ደህና” ብሎ ይዘጋል። ለእጁ ሥራ ስጪው። አንድ ኪሎ የባቢሌ ኦቾሎኒ ከነገለባው ትሪ ላይ ዘርግፊና አብራችሁ ፈልፍሉ። እጅ ሥራ ይዟል፣ ዓይን ትሪው ላይ ነው፣ ማንም ማንን ትኩር ብሎ አያይም። ጎረምሳ አፉን የሚፈታው እንዲህ ባለ ቦታ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሦስት አራት ቀናት ገለባው ሲሰበር ብቻ ነው የሚሰማው፤ ዝም በዪ። አንድ ቀን ስለ ኳስ ወይ ስለ አንድ አስተማሪ አንዲት ነገር ጣል ያደርጋል። አትፍረጂበት፣ አትምከሪው፤ “ከዚያስ?” በዪውና ኦቾሎኒሽን ፈልፍዪ።

ጥያቄ፦ 16 ዓመቴ ነው። አባቴ “ስልክሽን ጣዪ” ይለኛል፤ እሱ ግን ከበርጫ ከተነሳ እስኪተኛ ቲክቶክ ላይ ነው፣ ያውም ድምፁን ለቆት። እኔ የቤት ሥራ የሚላክልኝ በቴሌግራም ነው። ይህን ስናገር “አፍ አወጣሽ” ይባላል።
ተማሪ፣ ከከዚራ

መልስ፦ እውነት አለሽ። (አባት ይህን ካነበቡ፣ ቢያንስ ማዳመጫ ይሰኩበት።) ግን እውነቱ በእጅሽ ስለሆነ ብቻ አባትሽ አይሰሙሽም፤ ሰዓቱን መምረጥ አለብሽ። ምርቃና ላይ እያሉ አትጠይቂያቸው፤ ያኔ የተባለ እሺ ለነገ አያድርም። ምርቃናው ሲወርድ ደግሞ ለምንም ነገር አይመቹም። ጠዋት ፈቲራው ተበልቶ ሻይ ሲጠጣ ነው ጊዜው። ስለ እሳቸው ስልክ አትጀምሪ፤ ከራስሽ ጀምሪ፦ “ከምሽቱ 1 እስከ 2፡30 ስልኬን አንተ ጋ አስቀምጣለሁ፤ የአንተም አብሮ ይቀመጥ፣ ለ10 ቀን እንሞክረው።” ሰጥቶ የሚጠይቅን ልጅ “አፍ አወጣሽ” ማለት ይከብዳል። ፊት ለፊት መናገሩ እንደ ድፍረት የሚቆጠር ከሆነ በአክስትሽ ወይ በአያትሽ በኩል አስገቢው።

የቴሌግራሙ ነገር ግን ግማሽ እውነት መሆኑን አንቺም ታውቂዋለሽ። የክፍሉን ግሩፕ ልታዪ ትገቢና ከአንዱ ቻናል ወደ ሌላው ስትሻገሪ 40 ደቂቃ ያልፋል። ቴሌግራም ሴቲንግ ውስጥ ፎልደር መፍጠር ይቻላል። “ትምህርት” የሚል ክፈቺና የክፍልና የአስተማሪ ግሩፖችን ብቻ እዚያ አስገቢ። የቀረውን ሁሉ ድምፁን ዝጊ። ቪዲዮና ፎቶ በራሱ እንዳይወርድም አድርጊ፤ ጥቅልሽም ይተርፋል። የቤት ሥራውን ወደ ደብተር ገልብጪና ስልኩን ሌላ ክፍል አስቀምጠሽ ሥሪ፤ ተገልብጦም ቢሆን ጠረጴዛው ላይ ያለ ስልክ ሐሳብ ይሰርቃል። ፎልደሩን ለአባትሽ አሳዪያቸው። ከውጭ ሆነው የሚያዩት ፊትሽ ላይ ያለውን ብርሃን ብቻ ስለሆነ፣ ማጥናትሽንና መዝናናትሽን የሚለዩበት መንገድ የላቸውም።

ጥያቄ፦ ለ15 ዓመት ልጄ ፋሚሊ ሊንክ የሚባለውን የጉግል የልጅ ስልክ መቆጣጠሪያ አፕ ጫንኩ፣ የዋይፋዩን ፓስወርድ ቀየርኩ፣ የስልኩን ማክ አድራሻ (መለያ ቁጥሩን) ዋይፋዩን በሚያሰራጨው ራውተር ላይ አገድኩ። ሳምንት ሳይሞላ እንደ ድሮው ሆነ። የሚያፈሰው የት ነው?
አባት፣ ከሐረር፣ ጀጎል

መልስ፦ በአንድ ቦታ አይደለም። መጀመሪያ ማንም የማያየውን እይ፤ የልደት ዓመቱን። ልጆቻችን አካውንት ሲከፍቱ የሚሞሉት የሚያውቁትን፣ ማለትም የእኛን ዓመት ነው። በ2003 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ 2003 ብሎ ከሞላ፣ ጉግልም ቲክቶክም በፈረንጅ ስለሚቆጥሩት የ22 ወይም የ23 ዓመት ሰው ያደርጉታል። ስለዚህ ቲክቶክ ከ18 ዓመት በታች ላሉት በራሱ የሚያስቀምጠው የ60 ደቂቃ ገደብ እሱን አይነካውም፤ ከ16 ዓመት በታች ላሉት የሚዘጋው የግል መልእክትም ክፍት ነው። ፋሚሊ ሊንክም በአዋቂ አካውንት ላይ አይሠራም፤ ምናልባት አንተ የጫንከው በአንድ አካውንት ላይ ሆኖ እሱ የሚጠቀመው በሌላ ይሆናል። የጉግሉን “ፐርሰናል ኢንፎ” ገብታችሁ አስተካክሉት፦ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ከተወለደ 2010፣ ከታኅሣሥ 23 ወዲህ ከሆነ 2011 ነው። ቲክቶክ ላይ ልደት እንደ ልብ አይቀየርምና በትክክለኛው ዓመት አዲስ መክፈቱ ይቀላል። ከዚያ የወላጅንና የልጅን አካውንት የሚያገናኘውን “ፋሚሊ ፔሪንግ” የሚለውን ተጠቀም። ለዚህ አንተም ቲክቶክ ሊኖርህ ያስፈልጋል፤ የአንዱን ኪውአር ኮድ በሌላው ስልክ ማንሳት ነው።

ማክ አድራሻውን ያገድክበት መንገድም ያፈሳል። ከአንድሮይድ 10 ወዲህ ያሉ ስልኮች ለዋይፋይ የሚያሳዩት እውነተኛውን ሳይሆን የተፈጠረ ማክ ነው። ስለዚህ ሴቲንግ ውስጥ አይተህ የጻፍከው ራውተሩ ከሚያየው ጋር አይገጥምም። ቢገጥም እንኳ ልጁ የዋይፋዩን ምርጫ ከ“ራንደም” ወደ “ዲቫይስ ማክ” ሲቀይረው ለራውተሩ አዲስ እንግዳ ሆኖ ይገባል። መፍትሔው ግልባጩ ነው፤ የሚታገዱትን ሳይሆን የሚፈቀዱትን ስልኮች ብቻ መዝግብ። ያልተመዘገበ አይገባም።

ፓስወርድ ስትቀይር የቀየርከው የዋይፋዩን ነው ወይስ የራውተሩን መግቢያም ጭምር? የመግቢያው ፓስወርድ ከራውተሩ ሥር ተለጥፎ ነው የሚመጣው፤ ልጅህ አገላብጦ አንብቦታል ብለህ ቁጠር። የዋይፋዩንም ቢሆን ከእናቱ ስልክ ላይ “ሼር” ብሎ በኪውአር ኮድ በ5 ሰከንድ ይወስደዋል። አንዳንድ ስልኮች ደግሞ አንዱን አፕ ሁለት ማድረግ ይችላሉ፤ በዋናው ላይ ገደብ ስታደርግ እሱ በቅጂው ይጫወታል። የጎረቤት ልጅ ሆትስፖት ሲከፍትለት ግን የምታደርገው ነገር የለም።

ለጀጎል ቤት የሚሆን አንድ ዘዴ አለ። የድንጋዩ ግድግዳ ወፍራም ስለሆነ ዋይፋይ በደንብ አያሳልፍም፤ ሌላው ሰው የሚያማርርበትን አንተ ተጠቀምበት። ራውተሩን ነደባው (የመቀመጫው መደብ) ያለበት ክፍል አድርገውና ማታ ማታ ከዋይፋዩ ሁለት ሞገዶች 2.4 ጊጋኸርዙን ዝጋው፣ 5ቱ ክፍት ይቆይ። 5 ጊጋኸርዝ ግድግዳ ሲያጋጥመው ቶሎ ይደክማል፤ ኔት የሚፈልግ ሰው ነደባው ላይ መጥቶ ይቀመጣል። የቆየ ወይም ርካሽ ስልክ 5ን ጭራሽ ላያየው ይችላልና የአንተን አስቀድመህ ፈትሽ።

ዩቲዩብ ላይ “ዋች ሂስትሪ” (የታየው ሁሉ የሚመዘገብበት) የሚለውን ዘግታችሁ የቆየውን ከሰረዛችሁ የመግቢያው ገጽ ባዶ ይሆናል፤ ልጁ የሚፈልገውን ጽፎ ያገኛል እንጂ የሚጎትተው ነገር አይደረደርለትም። እኛ ከሁሉም የምንወደው ይህን ነው፤ አንድም ክልከላ የለበትም።

እንዲያም ሆኖ ይህን ሁሉ ስትደፍን የምትገዛው ጥቂት ሳምንት ነው። በዚህ ነገር ልጅህ ከአንተ ይፈጥናል፤ ውድድሩ ውስጥ አትግባ። ይልቅ ማታ 4 ሰዓት ላይ የራውተሩን ሶኬት መንቀል የእሱ ሥራ ይሁን፤ ለሁላችሁም ነው የሚነቀለው። አንተም ልትጨርሰው የነበረው ኳስ ይቋረጥብሃል፤ “አንድ ደቂቃ!” ማለት ትጀምራለህ። እሱ ከአንተ የሚሰማውን ለአንድ ምሽት አንተ ከእሱ ስማው።

ጥያቄ፦ የምትጽፍልኝ ጎረቤቴ ናት። ልጄ ሳዑዲ ሰው ቤት ትሠራለች፤ ሁለቱን ልጆቿን የማሳድገው እኔ ነኝ፣ አንዱ 13 አንዷ 16 ዓመታቸው ነው። ስልኩን እናታቸው ናት የላከችላቸው። ልቀማ ስል “እማዬ የሰጠችንን አንቺ ምን አገባሽ?” ይሉኛል። እሷ የምትደውለው ሌሊት 6 ሰዓት፣ በኢሞ ነው፤ እስከዚያ አይተኙም። እኔ ስልክ መነካካት አላውቅም።
አያት፣ ከገንደ ቆሬ

መልስ፦ እማማ፣ የእርስዎ ነገር ከሌሎቹ ይለያል። እዚህ ቤት ስልኩ የሚያመሻሽ ብቻ አይደለም፤ እናትየውም ያለችው እዚያው ውስጥ ነው። ትንሹ ልጅ ስልኩን ሲቀሙት እናቱን የቀሙት ያህል ሊሰማው ይችላል። ስለዚህ “ከስንት ሰዓት በኋላ የለም” በሚል ደንብ አይጀምሩ፤ ከጥሪው ይጀምሩ።

ሳዑዲና ኩዌት ከእኛ ጋር ሰዓታቸው እኩል ነው፤ ዱባይ ግን በ1 ሰዓት ትቀድመናለች። ሌሊት 6 ሰዓት መደወሏ በሰዓት ልዩነት አይደለም፤ ሥራ ጨርሳ አሠሪዎቿ ሲተኙ ነው ጊዜ የምታገኘው። ያንን ሰዓት እሷም መቀየር አትችልም። የሚቀየረው የጥሪው ዓይነት ነው። በየቀኑ ምሽት 12፡30 ላይ እያንዳንዱ ልጅ 2 ደቂቃ ድምፁን ቀርጾ ይላክላት። “ደህና ነን” ብቻ ከሆነ በሳምንቱ ይሰለቻል። አንድ የዕለቱን ነገር ይናገሩ፤ ምን እንደበሉ፣ ከማን ጋር እንደተጣሉ፣ ደብተራቸው ላይ ምን እንደተጻፈ። እሷ ሌሊት ስታርፍ ሰምታ መልሷን ቀርጻ ትልካለች። ጠዋት ቁርስ ላይ ድምፁን ከፍ አድርጋችሁ አብራችሁ ትሰማላችሁ፤ እርስዎም ጭምር። የተቀረጸ ድምፅ ከቪዲዮ ጥሪ በጣም ያነሰ ጥቅል ነው የሚበላው። ፊት ለፊት መተያየቱ በሳምንት አንድ ቀን፣ ዕረፍት በምታገኝበት ዕለት ይሁን፤ ዓርብ የሚመቻቸው ብዙ ናቸው። አደራ፣ የገንዘብ ወሬ በዚያ ጥሪ ላይ አይነሳ። ስለ ኪራይና ስለ ዕዳ ከእሷ ጋር ለብቻዎ ይነጋገሩ። እናታቸው ስትደውል ሁሌም ብር የሚነሳ ከሆነ ልጆቹ “ሰላም” ብለው ስልኩን ለእርስዎ አቀብለው ይሸሻሉ።

“ምን አገባሽ” ያሉት በእርስዎ ንግግር አይመለስም። የምትመልሰው እሷ ናት። ጎረቤትዎ መልእክት ትላክላት፤ እናትየው ደግሞ ሁለቱም ልጆች እየሰሙ በአንድ ዓረፍተ ነገር ትጨርሰው፦ “ስልኩን የሰጠሁት ለእናቴ ነው፤ ለእናንተ የምታውሳችሁ እሷ ናት።” ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ሌላ ክርክር እንዳይነሳ ይህን ድምፅ አታጥፉት።

ፓስወርድ ባያውቁ ቁልፍ ያውቃሉ። ትንሽ ሳጥን ከነጓጉንቸሩ ይግዙና ቁልፉን አንገትዎ ላይ ያንጠልጥሉት። ግን ስልኩ ቻርጅ ላይ እያለ ሳጥን ውስጥ አይቆለፍ፤ በድሬ ሙቀት የታፈነ ባትሪ ይግላል፣ ያብጣል። ከ12 እስከ 2 ሰዓት ደጅ ነፋስ ባለበት ቻርጅ ይደረግ፤ ተነቅሎ ይቆለፍ። ትልቋና ትንሹ እኩል ሰዓት አይሰጣቸው። ለ16 ዓመቷ 1 ሰዓት ይጨምሩላት፤ አለዚያ “እንደ ሕፃን ታየሁ” ብላ ወንድሟንም ይዛ ትሸፍታለች።

ጥያቄ፦ ወንድሜ 17 ዓመቱ ነው። ፍሪ ፋየር ሲጫወት ያድራል፤ አሁን ደግሞ የኳስ ውርርድ ጀምሮ ሰው ብር ይጠይቀዋል። ይህ በሽታ ነው ወይስ ብልግና? የት እንውሰደው?
እህት፣ ከለገሃሬ

መልስ፦ የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ያጸደቀውና ከጥር 2022 ጀምሮ (በፈረንጅ) በሥራ ላይ ያለው የበሽታዎች መዝገብ የጨዋታ ሱስንና የቁማር ሱስን በበሽታነት ይዟል። “የኢንተርኔት ሱስ” የሚል ግን እዚያ ውስጥ የለም። ጨዋታውን በሽታ የሚያሰኙት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ መጀመርንና ማቆምን መቆጣጠር ሲያቅተው፣ ከትምህርትና ከምግብ አስቀድሞት ሲገኝ፣ ጉዳቱን እያየም ሲቀጥል። ያውም አብዛኛውን ጊዜ ለ12 ወራት ያህል ሲቆይ ነው። በክረምት ዕረፍት አንድ ወር ሲጫወት ያደረ ልጅ በዚህ አይገባም።

ውርርዱን ግን 12 ወር አትጠብቂው። የእናታችሁን የቴሌብር ፒን ዛሬውኑ ቀይሪ። ዕዳውን የምትከፍሉ ከሆነ ለእሱ ብር አትስጡት፤ ለአበዳሪው በእጃችሁ ስጡ፣ ለአንድ ጊዜ ብቻ። “የተበላሁትን አስመልሼ እከፍላለሁ” ማለት ከጀመረ ነገሩ ከጨዋታው ይበልጥ ከብዷል ማለት ነው።

ትምህርት ካቆመ፣ መታጠብና መብላት ከተወ፣ ወይም ለምን እንደሚኖር እንደማያውቅ ከተናገረ ወደ ሐኪም ነው። ስለ መሞት ካወራ በዚያው ዕለት፣ ብቻውን ሳይተው። ድሬ ድል ጮራ ሆስፒታል፣ ሐረር ሕይወት ፋና አለ፤ ካልተጣደፋችሁ በጤና ጣቢያ በኩል ሪፈር አጽፋችሁ ሂዱ። ሐኪሙ ጨዋታውን ብቻ አይጠይቅም፤ እንቅልፉን፣ ጭንቀቱን፣ ድብርቱን፣ ጫት መቃሙንም ያያል። ብዙ ጊዜ ጨዋታው ከእነዚህ የአንዱ መሸሸጊያ ሆኖ ይገኛል። ከመሄዳችሁ በፊት ለሳቢያኗ እናት የነገርናትን የ7 ቀን ወረቀት ሙሉ፤ የውርርዱንም ብር በየቀኑ አስገቡበት። ወረቀቱን ሐኪሙ ፊት የሚያነበው ግን እሱ ይሁን። አንቺ ኮሪደር ላይ ጠብቂው።